ያልተቆጠሩት አሥራ አንድ ወራት

ሰውዬውን አልወደውም። ይህን መጀመሪያ ተናግሬ ይውጣልኝ። የሚስቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ አናጺ ነው፤ ሰፈርተኛው «ሚሊ» ይለዋል፣ ሚሊሜትር ለማለት። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። አንዲት ሴትዮ ለሚወለደው ልጇ አልጋ አዝዛ ልትወስድ ብትመጣ «አንዱ እግር ሁለት ሚሊ ያጥራል» ብሎ ባዶ እጇን መለሳት። በሳምንቱ መጣች፤ አሁንም መለሳት። አልጋው አልቆ ቤቷ ያደረስን ዕለት በሩ ላይ የተቀበለን ልጁ ራሱ ነው፣ ድክ ድክ እያለ።

እኔ ቀቢ ነኝ። እሱ የሠራውን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ ቫርኒሽ እቀባለሁ። በእሱ ወርክሾፕ አሥራ ሁለት ዓመት ስሠራ አንድም ቀን «ጎሽ» ብሎኝ አያውቅም። ለእንግዳ ሲያስተዋውቀኝ እንኳ «የእህቴ ባል ነው፤ ብሩሽ ይይዛል» ነበር የሚለው። ብሩሽ ይይዛል! የጥርስ ብሩሽ የያዝኩ አስመስሎ። ለእሱ ቀለም ማለት የሰነፍ አናጺ መደበቂያ ነው። እኔም በእሱ ቤት የሰነፎች ተባባሪ ነኝ።

እጁ ግን የተባረከ ነው፤ ይህን ጠላቱም አይክድም፣ እኔም አልክድም። አባቱም አናጺ ነበሩ፤ ሲሳሳት ጣቱን በእንጨት ሜትር ጫፍ ጫፉን እየመቱ ያስተማሩት። እሳቸው ሲሞቱ እሱ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር፣ ሚስቴ ስድስት። እናት ቀድማ ሞታለች። ዘመድ ተሰብስቦ «ልጅቷን እንውሰዳት» ቢለው «እህቴ ዕቃ ናት እንዴ የምትነሳው?» ብሎ መሮውን እንደያዘ በር ላይ ቆመባቸው። ከወርክሾፑ ጀርባ ባለችው አንዲት ክፍል አሳደጋት። ጸጉሯን ራሱ ነበር የሚሠራላት፤ መሐል ለመሐል ሲከፍለው መስመሩን በስኳድራ፣ በአናጺው ማዕዘን መለኪያ፣ ይለካው እንደነበር ትነግረኛለች። መጀመሪያ ትስቃለች፣ ከዚያ ዓይኗን ትጠርጋለች። እሱ ሚስት አላገባም። እሷን ለእኔ ሲሰጥ ቋጠሮ እንዳለበት ሳንቃ ከላይ እስከ ታች አይቶኝ «ይሁን» አለ። ከአማቼ ያገኘሁት የሠርግ ምርቃት ይህ ብቻ ነው።

አንድ ልማድ አለው። የሠራውን ዕቃ ሁሉ ከሥሩ፣ ማንም በማያየው በኩል፣ ያለቀበትን ቀንና ወር ይጽፍበታል። ከአባቱ የወረሰው ነው። ደንበኛ «እግሩ ላላ» ብሎ ሲመጣ ዕቃውን ገልብጦ ያያል፤ በበጋ ይሁን በክረምት የተሠራው፣ እንጨቱ ደርቆ ይሁን ርጥበት ይዞ፣ ከቀኑ ያውቀዋል። ዓመት ግን አይጽፍም። «ዓመቱ ምን ያደርግልኛል? እንጨት የሚያብጠውም የሚኮማተረውም እንደ ወሩ ነው» ይላል። ያንን የታች ገጽ ቀለም እንዳላስነካው ደግሞ በአንድ እግሬ ነበር የሚያቆመኝ። አንድ ጊዜ ሰው ፊት አዋርዶኝ አንጀቴ አረረና የስድስት ወንበሮች ሥር በጥቁር ቫርኒሽ ግጥም አድርጌ ቀባሁለት። በእርሳስ የጻፈው ሁሉ ድራሹ ጠፋ። ሳምንት ሙሉ አላናገረኝም። በሳምንቱ እርሳሱን ትቶ በሚስማር ጫር ጫር አደረገና «አሁን ቅባ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ በሚስማር ነው።

እስር ቤት ያስገባውም ያው ሚሊሜትሩ ነው። አንድ የሕንጻ ተቋራጭ ያሠራውን በር ይዞ «ጠማማ ነው» እያለ መጣ። ሚሊ ስኳድራውን አምጥቶ ለካ። በሩ ቀጥ ያለ ነው፤ ጠማማው የሰውዬው ግድግዳ ነበር። ተቋራጩ ይህን ሲሰማ ስኳድራውን ከእጁ መንጭቆ ጭቃ ውስጥ ወረወረው። ያ ስኳድራ የአባትየው ነው። ሚሊ አጠገቡ የቆመውን የበር ጉበን እንጨት አንስቶ ሰውዬውን ክንዱ ላይ አሳረፈበት፤ ሁለት ቦታ ሰበረው፤ ክንዱ እስከ ዛሬ እንደ ልብ አይታጠፍም። ፍርድ ቤት «ተጸጽተሃል ወይ?» ብለው ቢጠይቁት «በሩ ቀጥ ያለ ነበር» አለ። አራት ዓመት ፈረዱበት።

አሁን ወደ እኔ ልምጣ፤ ወደድኩም ጠላሁም መምጣቴ አይቀርም። ገና በተያዘ በሁለተኛው ሳምንት የያኔው ዳኛ ዋስ ካቀረበ ይውጣና ከውጭ ሆኖ ይከራከር ብለው ነበር። ዋስ እንድሆነው የተመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ስሜም መዝገቡ ላይ ሰፍሯል። የቀረኝ ከእናቴ የወረስኩትን ቤት ካርታ ይዤ ቀርቤ መፈረም ብቻ ነበር። ካርታውን በፌስታል ጠቅልዬ በጠዋት ወጣሁ። ያለ ወቅቱ የመጣ ዝናብ ይወርዳል። ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ስደርስ እግሬ አልገባ አለ። ማዶ ሻይ ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። ሦስት ቀን ይቆይ፣ አልኩ በልቤ። ሦስት ቀን ብቻ። መዋረድ ምን እንደሚመስል ይቅመሳት። እስከ ስድስት ሰዓት ሻይ ስደጋግም ቆይቼ፣ ስመለስ በስብሼ ቤቴ ገባሁ።

ሚስቴ ፊቴን አየችና «አልተቀበሉህም?» አለች።

ውሸቱን ራሷ አዘጋጅታ አቀበለችኝ ማለት ይቻላል። «ካርታው በእናቴ ስም ነው ብለው መለሱኝ» አልኳት። ለወንድሟ ማልቀሱን ትታ ለእኔ አዘነች። ካልሲዬን ከእግሬ ላይ ራሷ አወለቀችልኝ። ሦስቱ ቀን ሲያልፍ ብሄድ «ያኔ የመለሱህ አሁን እንዴት ተቀበሉህ?» መባሌ ነው፤ አልሄድኩም። እሷም ለዋስትና የሚሆን ቤት ያለውን ዘመድ ሁሉ ደጅ ጠናች። ዘመዶቹ ደግሞ ያኔ መሮ ይዞ ያባረራቸው ናቸውና ጆሮ ዳባ ልበስ አሏት። እንዲህ እንዲህ እያለ ሦስት ቀን የተባለው አሥራ አንድ ወር ሆነ፤ ፍርዱም እዚያው እስር ቤት እንዳለ መጣ።

ወርክሾፑ የእኔ ሆነ። አልደብቅም፣ ደስ ብሎኛል። መጋዙንም መላጊያውንም አነሳሁ፤ ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ቁም ሳጥን መሥራት ጀመርኩ። ሁለት ሚሊ ከጎደለ በኮላና በመጋዝ ዱቄት ሞልቼ በቫርኒሽ እሸፍነዋለሁ። ያማረረ ደንበኛ የለም። በየሳምንቱ እሑድ ከሚስቴ ጋር ልንጠይቀው ስንሄድ በሽቦው ማዶ ሆኖ «ወርክሾፑ አለ ወይስ አቃጠልከው?» ይለኛል። እዚያም ከገባበት ወር ጀምሮ በእስር ቤቱ የእንጨት ሥራ ክፍል ይሠራ ነበር። የመንግሥት መሥሪያ ቤቱን ሁሉ ወንበርና ጠረጴዛ የሚያቀርበው ያ ክፍል ነው።

ከተያዘ አራት ዓመት የሞላው ዕለት ሚስቴ አዲስ ሸሚዝ ገዝታ፣ ተኩሳ፣ ከጠዋት ጀምራ እስር ቤቱ በር ላይ ቆመች። ማንም አልወጣም። ከሰዓት በኋላ ተያይዘን መዝገብ ክፍል ገባን። ኃላፊው ደረት ኪሱ ውስጥ ማበጠሪያ የሰካ፣ ነገር በተናገረ ቁጥር ማበጠሪያውን አውጥቶ የሚያይ ሰው ነው።

«ገና አሥራ አንድ ወር ይቀረዋል» አለ።

«ከተያዘ ዛሬ አራት ዓመቱ እኮ ነው!» አለች ሚስቴ።

«ፍርዱ እስኪሰጥ በዋስ ውጭ ነበር። ይኸው፣ ዋስ እንደተፈቀደለት ተጽፏል። እኛ የምንቆጥረው ከፍርዱ ቀን ነው።»

«ተፈቀደለት እንጂ መቼ ወጣ?»

«የተፈቀደለት ሰው አይወጣም? እስር ቤት ጥሞት ነው?»

«የድሮውን መዝገብ እዩት! በየቀኑ ስንት ሰው እንዳለ ትቆጥሩ የለም?»

«ከድሮው ግቢ ስንዛወር ውሃ ገብቶበት ተጥሏል» አለና ማበጠሪያውን መለሰ። «አይ ካላችሁ ፍርድ ቤት ክሰሱን።»

እዚያው ቢሮ ውስጥ ቆሜ ሒሳቡን ሠራሁት። እኔ ባለመሄዴ አሥራ አንድ ወር ታሰረ። አሁን ደግሞ ያው አሥራ አንድ ወር እንዳልታሰረ ተቆጥሮ ሁለተኛ ሊያስሩት ነው። ኃላፊውን ማነቅ አማረኝ። ማንን ማነቅ እንዳለብኝ ግን ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም።

ሚስቴ እንደሆነች የወንድሟ እህት ናት። በማግስቱ ፍርድ ቤቱ በር ላይ የሚቀመጡት አቤቱታ ጸሐፊ ዘንድ ወስዳ ጎለተችኝ። ጸሐፊው ሽማግሌ ናቸው፤ ጽሕፈት መኪናቸውን ከእግራቸው መሐል አድርገው ነው የሚመቱት። በሚሊ ስም አጭር አቤቱታ ጻፉ፦ የተፈረደብኝን ጨርሻለሁ፤ እስር ቤቱ በምን ሕግ እንደያዘኝ ቀርቦ ያስረዳ፤ ካላስረዳ ልፈታ።

«ባለቤቴ ይመሰክራል» አለች ሚስቴ በኩራት። «ካርታ ይዞ ሄዶ የመለሱት እሱ ነው።»

ጸሐፊው መምታታቸውን አቆሙ። «ካርታው ታይቶ ተመልሶ ከሆነ መዝገቡ ላይ ‹ዋስትናው ተቀባይነት አላገኘም› ተብሎ ይሰፍራል። በያዛችሁት ግልባጭ ላይ ግን የለም። እንዲያውም ተመልሻለሁ ካለ ‹ቀርበሃላ፣ ቀርበህስ ፈርመሃል› ሊሉት ነው።» በመነጽራቸው አናት ላይ አዩኝ። «ጌታው፣ በደንብ ያስቡበት።»

ወረቀቱን ተቀብዬ ተነሳሁ። አቤቱታውን ለማስገባት መዝገብ ቤት ተሰልፈን ሳለን ግን አንድ ነገር ዓይኔን ያዘው። የመዝገብ ቤቱ ጠረጴዛ እግር ከላዩ ጋር የተገጠመበት አኳኋን የማውቀው ነው፤ በዓለም ላይ እንዲያ የሚገጥም አንድ ክፉ ሰው ብቻ ነው ያለው። እጄን ከሥሩ ሰደድኩ። የእስር ቤቱ ሰዎች ሥሩን ሳይቀር ወፍራም ቡናማ ቀለም ለድፈውበታል። ከቀለሙ ሥር ግን ጣቴ ጫር ጫር የተደረገውን አገኘው፤ ቀንና ወር። አላስቻለኝም፤ በክፍት በር የችሎቱን ክፍል ዘልቄ ጠበቆችና ዐቃቤ ሕግ የሚቀመጡበትን ረጅሙን ጠረጴዛ ዳሰስኩት። አሥራ አራት፣ ስድስት። ሚሊ የተያዘው በሦስተኛው ወር ነው። በስድስተኛው ወር ውጭ ከነበረ የእስር ቤትን ጠረጴዛ ማን ሠራው? በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝ። ጠረጴዛው ይመስክር! እኔ ምን አገባኝ!

እሑድ ለሚሊ ነገርኩት። ወደ ሽቦው ተጠጋ።

«ቀለም ለድፈውበታል?»

«ለድፈውበታል።»

«ይዳሰሳል ግን።»

«ይዳሰሳል።»

«እንግዲህ አንተ ፍርድ ቤት እንዳትመጣ» አለ።

«ወንድምዬ! ለምን?» አለች ሚስቴ።

«አልፈልገውም። ፊቱን ሳይ ነገር ይምታታብኛል።»

ደም ስሬ ተገታተረ። እኔ መዝገብ ቤት ለመዝገብ ቤት ስንከራተትለት፣ ጠረጴዛ ሥር ስዳብስለት! እንኳን አልሄድኩልህ፣ አልኩ በልቤ፤ እንኳን እዚያ አሥራ አንድ ወር አቆየሁህ። ይህን ማሰቤን ዛሬም አልክደውም። መቼም ሚስቴ አትለቀኝምና በቀጠሮው ቀን እጄን ይዛ ወሰደችኝ።

የችሎቱ ክፍል ጠባብ ነው፤ ሁለት መስኮት አለው፣ አንዱ አይከፈትም። ዳኛዋ መነጽራቸውን በክር ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው፤ ወደዚህ ችሎት ከተዛወሩ ስድስት ወር አልሞላቸውም። ባለ ማበጠሪያው ረጅሙ ጠረጴዛ ጋ ተቀምጧል። ሚሊን ሁለት ጠባቂዎች አስገቡት። ሚስቴ ያቀበለችውን ሸሚዝ ለብሷል፤ ሰፍቶታል። መጀመሪያ ያየው ዳኛዋን አልነበረም፤ የጠረጴዛውን ጠርዝ ነው። በካቴና የታሰረ እጁን አንስቶ አውራ ጣቱን በጠርዙ ላይ አስኬደ። ከዚያ ከኋላ መቀመጤን አየና ፊቱን አጠቆረ።

ኃላፊው መልሱን አነበበ፤ ዋስ ተፈቅዷል፣ የድሮው መዝገብ የለም፣ ገና አሥራ አንድ ወር ይቀራል። ዳኛዋ ወደ ሚሊ ዞሩ።

«ውጭ እንዳልነበርክ በምን ታስረዳለህ?»

«በዚህ» አለና ጠረጴዛውን በጉልበቱ ነካ አደረገው። «ገልብጡት።»

ክፍሉ ተንሾካሾከ። ኃላፊው «ክብርት ዳኛ፣ ይህ ሰው በፍርድ ቤት እየቀለደ ነው» አለ። ዳኛዋ ግን ወረቀቱን አስነሱና ጠባቂዎቹ ጠረጴዛውን ገለበጡት። ራሳቸው ከመቀመጫቸው ወርደው ጎንበስ ብለው በጣታቸው ዳሰሱ።

«አሥራ አራት... ስድስት» አሉ። «አንተ ነህ የጻፍከው?»

«እኔ ነኝ። የሠራሁት እኔ ነኝ፣ በሚስማር ነው። ቀለሙን የቀቡት ከዚያ በኋላ ነው፤ እንዳይቀቡ ብዬ ነበር።»

ሚስቴ ክንዴን ጨመቀችኝ። በልቤ ተገላገልኩ አልኩ። ኃላፊው ማበጠሪያውን አውጥቶ አየና መለሰው።

«የየትኛው ዓመት አሥራ አራት ስድስት?» አለ።

ዳኛዋ ጣታቸውን እንደገና በጭረቱ ላይ አስኬዱ።

«ዓመቱስ?» አሉ ዳኛዋ።

«ዓመት አልጽፍም።»

«ለምን?»

«ለእንጨት አይጠቅመውም» አለ ሚሊ።

ከኋላ የነበሩት ሳቁ። ኃላፊውም ሳቀ። እኔ ራሴን በግድግዳው ብመታ ደስ ይለኝ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ዓመት እንደማይጽፍ እያወቅኩ፣ ለማምለጥ ከመቸኮሌ የተነሳ ያቺ ነገር ትዝ አላለችኝም! ሰውዬው እስር ቤት ውስጥ አራት ስድስተኛ ወር አሳልፏል፤ ጠረጴዛው የአንዱ ይሁን የሌላው ማን ያውቃል? ጠባቂዎቹ መልሰው አቆሙት።

ዳኛዋ ወደ መቀመጫቸው ተመልሰው የድሮውን የክስ መዝገብ ገለጡ። «እዚህ በየቀጠሮው ‹ተከሳሽ ቀርቧል› ነው የሚለው፤ ከእስር ይሁን ከውጭ አይልም። የተፈረመ የዋስትና ወረቀትም አላይም።»

«ዋናው ከእኛው መዝገብ ጋር ነው የጠፋው፣ ክብርት ዳኛ» አለ ኃላፊው ፈጠን ብሎ።

«ዋስ ተብሎ የተጻፈው ሰው አለ። ፈርሞ ነበር ወይስ አልፈረመም፣ እሱ ያውቃል።» ሚሊን አዩት። «ይህ ሰው እዚህ አለ?»

ሚሊ ዞር ብሎ አየኝ። ዓይን ለዓይን ተጋጠምን።

«የለም» አለ።

በመጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ፤ ሰውዬው ያውቃል። ሁልጊዜም ያውቅ ነበር። ያን ዕለት ፍርድ ቤት ቁሞ ዋሱ ሲጠራ፣ ሲጠራ፣ ሲጠራ፣ መልስ ሲጠፋ የሰማው እሱ ነው። ለእህቱ ግን አራት ዓመት ሙሉ አልተነፈሰም። አሁንም አሥራ አንድ ወር ጨምሮ ሊታሰር ነው እንጂ ሊናገር አይደለም። ይህን ሳስብ ሆዴ የባባ እንዳይመስላችሁ። ተናደድኩ! በእጅ ሥራ በለጠኝ፣ በምላስ በለጠኝ፣ በዚህም ሊበልጠኝ ነው? ደግሞ ሚስቴ በክርኗ እየጎሸመችኝ ነበር። «ተነስ እንጂ! አለሁ በል! እንደመለሱህ ንገራቸው!»

ተነሳሁ። «አለሁ» አልኩ።

«ቁጭ በል አንተ!» አለ ሚሊ።

ዳኛዋ ዝም አሰኙትና ወደፊት ጠሩኝ። እጄን አንስቼ ማልኩ።

«ካርታዎን አቅርበው ነበር?»

«አላቀረብኩም።»

«ተመልሶብዎት ነው?»

ዞሬ ሚስቴን አላየኋትም። ባያት አልናገረውም ነበር። «አልመለሱኝም። አልገባሁም። ማዶ ሻይ ቤት ተቀምጬ ዋልኩ። አልፈረምኩም። እሱም አንድ ቀን አልወጣም። አሥራ አንዱንም ወር እዚያው ነበር።»

«ለምን?»

«ጠልቼው» አልኩ። «ሦስት ቀን ይታሰር ብዬ ነው።»

በዚያ ክፍል ውስጥ ያን ጊዜ የሳቀ የለም። ኃላፊው ብቻ ተነስቶ «ክብርት ዳኛ፣ አማቹ ነው፤ ሊያስፈታው ምን የማይለው አለ?» አለ።

ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሰው ዘመዱን ለማስፈታት ብዙ ይዋሻል። ሚስቱ ተቀምጣ እየሰማች በራሱ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይፈጥርም» አሉ። ጸሐፊያቸውን ጽፊ አሏት፦ መፈቀድ መውጣት አይደለም፤ እስር ቤቱ ሰውዬው መውጣቱን አላስረዳም፤ ፍርዱን ጨርሷል፤ ዛሬውኑ ይፈታ።

ስመለስ ሚስቴ ከጎኔ አልነበረችም። ቦርሳዋን ይዛ ሌላ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ ልቀመጥ ስል ቦርሳውን በመሐላችን አስቀመጠች።

በአሥር ሰዓት እስር ቤቱ በር ላይ ቆመን ነበር፣ እሷ ወዲያ እኔ ወዲህ። ሚሊ አንድ ጥቅል ልብስ በብብቱ ይዞ ወጣ። አቀፈችው፤ አለቀሰች፤ ጸጉሩን ዳበሰችው፣ ሸብቷል። እኔ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ትቶኝ ያልፋል ብዬ ነበር፤ ፊት ለፊቴ መጥቶ ቆመ።

«ቁጭ በል አላልኩህም?»

«ለምን አልነገርካትም?» አልኩት። «አራት ዓመት ሙሉ!»

«ብነግራት ምን ላገኝ? ትታህ ትወጣ ነበር። ቤቷን ይዛ ትኑር ብዬ ነው።» ጥቅሉን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወረው። «ከአንድ ቤት አንድ እስረኛ ይበቃል። ደግሞ ለአንተ ብዬ አይደለም፤ እንዳይመስልህ።»

ሚስቴ ይህን ጊዜ ነው ወደ እኔ የዞረችው። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢሆንልኝ ደስታዬ ነበር። ድምጿ ግን ዝቅ ያለ ነበር።

«ካልሲህን እኮ አድርቄልሃለሁ» አለች። «ያን ዕለት። ለእሱ ስትል የበሰበስክ መስሎኝ፣ እጄ እስኪያቃጥለኝ ምድጃው ላይ ይዤ ነው ያደረቅኩልህ።»

የወንድሟን ጥቅል ተቀበለችውና አብረው ሄዱ፣ ከወርክሾፑ ጀርባ ወዳለችው ያደገችባት ክፍል። እኔ ለብቻዬ ቤቴ ገባሁ። ምድጃው አጠገብ መቀመጥ አቃተኝ።

በማግስቱ የምሄድበት ስላልነበረኝ ወርክሾፕ ሄድኩ። በሩ ተከፍቷል። ሚሊ የአባቱን ስኳድራ ይዞ፣ በአራት ዓመት የሠራሁትን ያልተሸጠ ዕቃ ሁሉ አንድ በአንድ ገልብጦ ደርድሮታል፤ ወንበሮቹ እግራቸውን ወደ ላይ ሰቅለው። ከሥራቸው ያለው ገጽ በቫርኒሽ ያብረቀርቃል። አንድም ላይ ምልክት የለም። ከጀርባ ካለችው ክፍል የሚስቴ ድምፅ ይሰማል፤ ዕቃ ታጥባለች፤ እኔ መምጣቴን አውቃለች፣ ግን አልወጣችም።

«ይህን ማን ሠራው?» አለ አንዱን ጠረጴዛ በስኳድራው እየነካ። ከትናንት በስቲያ የጨረስኩት ነበር፤ ገና ቫርኒሽ አልነካውም።

«እኔ።»

«ሦስት ሚሊ ጠማማ ነው።»

«አውቃለሁ» አልኩ።

ከኪሱ ሚስማር አውጥቶ ሰጠኝ። ተንበርክኬ ቀኑንና ወሩን ጫርኩ። በሚስማር መጻፍ ስላልለመድኩ ቁጥሮቹ ሽቅብ ቁልቁል ሄዱ። ልነሳ ስል እግሩን ዘርግቶ ከለከለኝ።

«ዓመቱስ?» አለ።

የጀርባዋ ክፍል ውስጥ የዕቃ ማጠቡ ድምፅ ቆመ። ዓመቱን ጻፍኩ።

«አሁን ቀለም እንዳታስነካው» አለና መጋዙን አንስቶ ሥራውን ጀመረ።